ቪዲዮው ቦርዱ ላይ ገብቷል፤ ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ድሬዳዋ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ስለ ሐረር ጁገል አምስቱ በሮች የሚያሳይ ስክሪን ነው። ጎብኚው ከአምስቱ ቁልፎች አንዱን ሲጫን የዚያ በር ቪዲዮ ይከፈትለታል። ቦርዳችን ቢግልቦን ብላክ የሚባለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ነው። ቪዲዮውን በስልክ በ4ኬ ቀረጽነው። 12 ደቂቃ ነው፣ 4.6 ጊጋባይት ይዟል። 8 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ላይ ኮፒ ላደርገው ስል ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። አምስት ቦታ ቆርጬ በሚሞሪ ካርድ አስገባሁት። አሁን ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ስታክ ያደርጋል። የፋይሉን ስም ከኤምኦቪ ወደ ኤምፒ4 ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዬ በቴሌግራም የላከችልኝ ኮፒ ግን ይሻላል። ፈጣን ካርድ ልግዛ? ወይስ የቦርዱ ራም አንሶ ነው? ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዘነው ሐረር እንወጣለን።»

ምላሽ፦ ካርድ አትግዢ። ታይዋን ገበያ ገብተሽ ያለውን ፈጣን ካርድ ሁሉ ብታመጪ ምስሉ እንደዚያው ይቆራረጣል። ራሙም አይደለም። ቦርዱ 512 ሜጋባይት ራም አለው፣ ቪዲዮ ለማጫወት ይበቃል። ግራ የገባሽ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ባንድ ጊዜ ስለመጡብሽ ነው። አንዱ ፋይሉን ማድረስ ነው፣ ሌላው ማጫወት። ፋይሉ በትክክል ደርሶም ላይጫወት ይችላል። የደረሰብሽም ይኸው ነው።

ከፍላሹ ልጀምር። ፍላሽሽ አልተበላሸም። ከሱቅ ሲመጣ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 8 ይሁን 64 ጊጋባይት ለውጥ የለውም። ኤክስፋት ተብሎ ፎርማት ቢደረግ ይቀበልሽ ነበር። ግን እዚህ ላይ አትድከሚ። ከታች እንደምታዪው የ4.6 ጊጋባይት ፋይል ወደዚህ ቦርድ መውሰድ ራሱ አያስፈልግሽም። የቦርዱ የራሱ ማከማቻም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ ያውም ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ሲስተም ከዚያው ላይ ቦታ ይይዛል።

ስሙን ስለመቀየር፦ በርበሬ የሞላ ጆንያ ላይ «ስኳር» ብለሽ ብትጽፊ በርበሬው ስኳር አይሆንም። ኤምኦቪም ኤምፒ4ም ጆንያ ናቸው። ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ አስረው ይይዛሉ እንጂ ምስሉ በምን ዘዴ እንደታመቀ አይወስኑም። ያንን የሚወስነው ኮደኩ ነው። በብዛት የምታገኚያቸው ሁለት ናቸው፣ ኤች.264 እና ኤች.265። ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል ባነሰ ቦታ ያስቀምጣል። በምላሹ ሲፈታ የበለጠ ስሌት ይጠይቃል። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች 4ኬ ሲቀርጹ የሚጠቀሙት ይኼኛውን ነው። የእናንተን ለማወቅ ፋይሉን ላፕቶፕሽ ላይ በቪኤልሲ ክፈቺና የኮደክ መረጃ የሚለውን እዪ። ኤችኢቪሲ ካለሽ ኤች.265 ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቢግልቦን ብላክ ቪዲዮ የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቦርዱ ላይ ፓወርቪአር ኤስጂኤክስ530 የሚባል የግራፊክስ ክፍል አለ፣ እውነት ነው። የእሱ ሥራ ግን ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሳል ነው። የታመቀ ቪዲዮ አይፈታም። ስልክሽ 4ኬ ቪዲዮ ያለ ችግር የሚያጫውተው ውስጡ ለዚህ ብቻ የተሠራ ክፍል ስላለ ነው። ቦርድሽ ላይ ያ ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በአንዷ ኮርቴክስ ኤ8 ፕሮሰሰር ላይ ነው። ፍጥነቷ 1 ጊጋኸርዝ ነው።

በቁጥር እንየው። የ4ኬ አንድ ምስል 3840 በ2160 ነው፣ ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል። በሰከንድ 30 ምስል ሲሆን ወደ 249 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 1 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ሲካፈል ለአንድ ፒክስል አራት ምት ብቻ ይደርሰዋል። በአራት ምት ውስጥ ምስሉን መፍታት፣ ከቀደመው ምስል ጋር ማገናኘት፣ ቀለሙን መቀየር፣ ስክሪን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። የትኛውም የሶፍትዌር ብልሃት እዚህ አያድንም። አሁን ምስሉን 720 በ480 አድርጊው። ፒክስሉ ልክ 24 ጊዜ ያንሳል። ለአንድ ፒክስል 96 ምት ገደማ ይደርሳል። ይህ የሚሠራ ቁጥር ነው።

ድምፁ ለምን ሳይቆራረጥ ይሰማል ካልሽ፣ ድምፅ መፍታት በጣም ቀላል ሥራ ስለሆነ ነው። ማጫወቻው ድምፁን አስቀድሞ፣ ምስሉን ኋላ እየጎተተ ይሄዳል። ድምፅ ደህና ሆኖ ምስል ሲጎተት ካየሽ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባንድነት ነበር የሚቆሙት። ካርዱን ደግሞ በሂሳብም ማየት ይቻላል። 4.6 ጊጋባይት ለ12 ደቂቃ ሲካፈል በሰከንድ 6.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። ክላስ 10 የሚል እውነተኛ ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል። ስለዚህ ካርዱ ተርፎታል።

የጓደኛሽ የቴሌግራም ኮፒ የተሻለበት ምክንያትም ከዚሁ የመጣ ነው። ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ሲልክ ያንን 4ኬ አሳንሶ እንደገና ያምቀዋል። የደረሰሽ ሌላ፣ ቀለል ያለ ፋይል ነው። እንደ ፋይል አድርጋ ልካልሽ ቢሆን ኖሮ ዋናው ራሱ ይደርስሽና ልክ እንደ መጀመሪያው ይቆራረጥ ነበር። ጥያቄሽ ውስጥ መልሱን ራስሽ አስቀምጠሽዋል ማለት ነው። የቴሌግራሙን ኮፒ ግን ለፕሮጀክቱ አትጠቀሚበት። በምን መጠንና በምን ጥራት እንደሚያምቀው የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም። እንደገና ማመቁን ራስሽ ሥሪው።

ያሉሽ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቦርድ መቀየር ነው። ራስቤሪ ፓይ 3 የሚባለው ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ኤች.264ን በፉል ኤችዲ ለዚህ በተሠራ ክፍል ይፈታል። በ2019 የወጣው ፓይ 4 በዚያ ላይ ኤች.265ን እስከ 4ኬ ይጨምራል። በ2023 የወጣው ፓይ 5 ላይ ደግሞ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ኤች.264 የሚፈታው ክፍል ተነስቷል፣ የቀረው የኤች.265 ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ስለሆነ ፉል ኤችዲውን በጉልበቱ ይወጣዋል። ሁለተኛው መንገድ ቦርዱን ትቶ ፋይሉን መቀየር ነው።

የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው፣ አላወላውልም። ሁለት ሳምንት ነው የቀራችሁ። ቁልፎቹ፣ ሽቦው፣ ኮዱ ቢግልቦን ላይ ነው የተሠራው። ይህ ቦርድ ለቁልፍና ለሴንሰር ሥራ በጣም ጥሩ ቦርድ ነው። ቦርድ ስትቀይሩ ሁሉንም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አምስት አጭር ቪዲዮ እንደገና ማመቅ ግን የአንድ ማታ ሥራ ነው። ከባዱን ሥራ ላፕቶፕሽ አስቀድሞ ይጨርሰው፣ ለቦርዱ ቀላሉን ተዪለት።

ሥራውን በሃንድብሬክ ልትሠሪው ትችያለሽ፣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮደኩን ኤች.264 አድርጊ፣ ፕሮፋይሉን ቤዝላይን። ፋስት ዲኮድ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርጊባት። ሲፈታ ጉልበት የሚበሉትን ደረጃዎች ታስቀራለች። ለዚህ ቦርድ ከሁሉም ቅንብር በላይ የምትጠቅምሽ እሷ ናት። አማካይ ቢትሬቱን፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን የመረጃ መጠን፣ 1,500 ኪሎቢት አድርጊው። የምስል ብዛቱ በሰከንድ 30 ይሁን፣ ኮንስታንት የሚለውንም ምረጪ። ስልክ ሲቀርጽ የምስሉ ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያ ደግሞ ኋላ ድምፅና ምስል ያለያይብሻል። ድምፁን ኤኤሲ፣ ስቴሪዮ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 128 ኪሎቢት። ዌብ ኦፕቲማይዝድ የምትለውንም ሳጥን ምልክት አድርጊባት፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። በዚህ ቅንብር አንድ ደቂቃ ቪዲዮ 12 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 12 ደቂቃው በሙሉ ከ150 ሜጋባይት አይበልጥም። 4.6 ጊጋባይት የነበረው ማለት ነው።

መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ሁሉንም አስተካክሎ እዚህ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮውን 720 በ480 አድርገሽ ስክሪኑን በ1280 በ720 ወይም በሌላ ትልቅ መጠን ብትተዪው፣ ቦርዱ እያንዳንዱን ምስል ከፈታ በኋላ ማስፋት አለበት። ማስፋቱም በዚያው ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። በአንድ እጅ ያተረፍሽውን በሌላ እጅ ትከፍያለሽ። መፍትሔው የቦርዱን የኤችዲኤምአይ ውጤት ራሱን 720 በ480 ማድረግ ነው። ቦርዱ ሲነሳ የሚያነበው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ፣ የከርነል ትዕዛዝ መስመር ላይ የቪዲዮ ሞዱን 720 በ480 በ60 ብለሽ ታስገቢያለሽ። ከዚያ ወዲያ ማስፋቱን ቴሌቪዥኑ ይሠራዋል። ቴሌቪዥን ለዚህ የተሠራ ክፍል አለው፣ አይደክመውም።

ሌላ ጥቅምም አለው። ቢግልቦን ብላክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፣ ድምፁ የሚወጣው በኤችዲኤምአይ ነው። በኤችዲኤምአይ ደግሞ ድምፅ የሚወጣው በቴሌቪዥን ደረጃ በተቀመጡ የምስል መጠኖች ብቻ ነው። 720 በ480 ከነዚያ አንዱ ነው። 1024 በ768 የሚባለውን የኮምፒውተር መጠን ብትመርጪ ግን ምስል መጥቶ ድምፅ ይጠፋብሻል። ያኔ ድምፁ የት ሄደ እያልሽ ሌሊቱን ታነጊያለሽ።

ሃንድብሬክ ላይ መጠኑን ስትሰጪ አናሞርፊክ የሚለውን አጥፊው፣ የምስል ምጥጥን ጠብቅ የሚለውንም አንሺው። 720 እና 480 ብለሽ በቁጥር ጻፊ። ላፕቶፑ ላይ ስታዪው የሰዉ ፊት ቀጠን ረዘም ብሎ ይታይሻል። አትደንግጪ። ቴሌቪዥኑ ወደ ጎን ሲዘረጋው ልኩን ይይዛል። ካልዘረጋው በሪሞቱ የስክሪን ምጥጥኑን 16 በ9 አድርጊው።

ጽሑፍ ካላችሁበት ደግሞ ይህን ስሚኝ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር ብላችሁ ከታች ስም ልትጽፉ ነው ብዬ እገምታለሁ። የግዕዝ ፊደል በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው። «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለያት አንዲት ጭረት ናት። ጽሑፉ ትንሽ ከሆነ 480 መስመር ላይ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ፊደሉን ከ480ው መስመር ቢያንስ 30 ያህሉን እንዲይዝ አድርጋችሁ ጻፉት። ከዳር ራቅ አድርጉት፣ አንዳንድ ቴሌቪዥን ዳሩን ይቆርጠዋል። ከሁሉም በላይ ጽሑፉን ለብቻው በሰብታይትል ፋይል አታድርጉት። ቦርዱ ላይ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ከማመቁ በፊት ምስሉ ላይ አትሙት።

ሰማዩ ላይ ወይም በጁገል ግንብ ጥላ ላይ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ካየሽው ፋይሉን እንደገና ለማመቅ አትሩጪ። ይህ ቦርድ ለኤችዲኤምአይ የሚልከው ቀለም 16 ቢት ነው። ልስላሴው እዚያ ላይ ያልቃል። ቢትሬት ብትጨምሪም አይስተካከልም።

አሁን ፋይሉን ማድረስ። 150 ሜጋባይት ስለሆነ ፍላሽም ካርድ ማውጣትም አያስፈልግሽም። ቦርዱን በሚኒ ዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚው። ዊንዶውስ ላይ ቦርዱ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታያል፣ አድራሻውም 192.168.7.2 ነው። ዊንኤስሲፒ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በኤስኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ ነው) ግቢና ፋይሎቹን ጎትተሽ ጣያቸው። አሮጌውን ኤፍቲፒ የምትጠቀሚ ከሆነ ባይነሪ የሚለው መመረጡን አረጋግጪ። በጽሑፍ ሞድ የተላለፈ ቪዲዮ መጠኑ ለዓይን ልክ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የተበላሸ ነው።

የቦርዱን ሚሞሪ ካርድ አውጥተሽ ላፕቶፕ ላይ ከሰካሽው ግን ተጠንቀቂ። የሊኑክሱ፣ ማለትም የቦርዱ ሲስተም ክፍል ኤክስት4 በሚባል አሠራር ነው የተዘጋጀው፣ ዊንዶውስ አያነበውም። አያነበውምና «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» የሚል መልእክት ያወጣል። እሺ እንዳትዪ። የአንድ ሴሚስተር ሥራቸው በዚህች አንዲት ክሊክ የሄደባቸው ተማሪዎች እጄ ላይ መጥተው ያውቃሉ። ሲያለቅሱ ማየት ከባድ ነው። ሰርዢውና ካርዱን አውጪ። ዛሬ ማታውኑ ደግሞ የካርዱን ሙሉ ኮፒ ላፕቶፕሽ ላይ አስቀምጪ።

ኮፒው አልቋል ሲልሽም ወዲያው ገመዱን አትንቀዪ። ሊኑክስ የሚጻፈውን ነገር መጀመሪያ ራም ላይ ይይዘዋል፣ ካርዱ ላይ የሚያሰፍረው ቀስ ብሎ ነው። ሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ስጪውና እስኪመልስልሽ ጠብቂ። ዌብ ኦፕቲማይዝድ ያልኩሽም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ኤምፒ4 ፋይል የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው። ያ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ፋይሉ ጫፉ ላይ ትንሽ ከተቆረጠ ማውጫው አብሮ ይሄዳል፣ ቪዲዮውም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ አይከፈትም። ያቺ ሳጥን ማውጫውን ወደ ፊት ታመጣዋለች። የቀረውን ለማረጋገጥ ላፕቶፑም ቦርዱም ላይ የፋይሉን ኤስኤችኤ256 ቁጥር፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ፣ አውጥተሽ አስተያዪ። አንድ ከሆኑ ማድረሱ ተሳክቷል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ችግር ሁሉ የማጫወት ነው።

ማጫወቻውን ከዴስክቶፑ ውስጥ አትክፈቺው። ዴስክቶፑ ራሱ ጉልበት ይበላል። አጥፊውና ኤምፕሌየር የሚባለውን ማጫወቻ በቀጥታ ፍሬምበፈር ላይ (ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል የሚቀመጥበት የራም ክፍል ነው) አስነሺው። በዚህ ቦርድ ላይ የምመርጠው እሱን ነው። ስሌቭ የሚባል ሞድ አለው። አንዴ ተነስቶ ይቀመጥና ከሌላ ፕሮግራም ትዕዛዝ ይቀበላል። ቁልፍ ሲጫን የእናንተ ኮድ «ይህን ፋይል ጫን» ብሎ ይልክለታል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ማጫወቻውን ዘግቶ ከመክፈት በጣም ይፈጥናል፣ ስክሪኑም መሃል ላይ አይጨልምም።

ኤምፕሌየር ላይ ሌላም ነገር አለ። ቤንችማርክ በሚለው አማራጭ፣ ድምፁን አጥፍተሽ፣ የምስል ውጤቱን ደግሞ ነል (የትም እንዳይታይ) አድርገሽ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቺ። ሲጨርስ ጊዜ በሰከንድ ያወጣልሻል። ቪሲ የሚለው መፍታቱ የፈጀው ጊዜ ነው። የ60 ሰከንዱን ቪዲዮ ለመፍታት ከ60 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ያ ፋይል እዚህ ቦርድ ላይ በምንም አይሄድም። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነሽ። ከዚያ ውጤቱን ወደ ስክሪኑ መልሰሽ እንደገና ለኪ። አሁን ቪኦ የሚለው ከፍ ካለ ችግሩ ማሳየቱ ላይ ነው። ያኔ የስክሪኑ መጠንና የቪዲዮው መጠን አንድ መሆኑን ተመልሰሽ እዪ። ፍሬም ድሮፕ የሚለውን አማራጭ ስትለኪ አታብሪው። ምስል እየዘለለ በሽታውን ይደብቅብሻል።

ስለ ቁልፎቹ አልጠየቅሽኝም። ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ኤችዲኤምአይ ፒ8 ከሚባለው መሰኪያ ከ27 እስከ 46 ያሉትን እግሮች ይዟል። የውስጥ ማከማቻው ደግሞ ከ3 እስከ 6 እና ከ20 እስከ 25 ያሉትን። ቁልፍ እዚያ ላይ ካገናኛችሁ ወይ ስክሪኑ ይጠፋል ወይ ቦርዱ አይነሳም። ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስት እግሮች ይበቋችኋል። ቮልቴጁ 3.3 ነው። 5 ቮልት የነካው እግር ፕሮሰሰሩን ይዞ ይሄዳል። ቦርዱ ሳይበራ በፊት እግሮቹ ላይ ቮልቴጅ መኖርም የለበትም። በጣም ቀላሉ ቁልፉን ከግራውንድ ጋር ማገናኘትና የውስጡን ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን እግሩን ወደ 3.3 ቮልት የሚስበውን ሬዚስተር) መጠቀም ነው።

ኃይሉን በዩኤስቢ ገመድ ብቻ አትስጡት። በዚያ በኩል ቦርዱ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ አይወስድም። ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ ዕቃ ሲጨመርበት ሊያንሰው ይችላል፣ መሃል ላይም ይጠፋል። በክቡ ቀዳዳ 5 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ስጡት። ቀዳዳው ከብዙ ራውተር አዳፕተር ጋር ይመሳሰላል። የራውተሩ ግን ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው። ልክ ገባ ብላችሁ እንዳትሰኩት። አዳፕተራችሁ ላይ በትልቁ «5» ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት፣ ሐረር ላይ በጥድፊያ ዕቃ ሲፈታ የሚሰካው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲሄድስ? ይሄዳል፣ ታውቂዋለሽ። ካርዱ ላይ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። የቪዲዮዎቹን ክፍል ለብቻው ለዩትና ቦርዱ ሲነሳ ለማንበብ ብቻ እንዲከፈት አድርጉት። የማይጻፍበት ነገር መብራት ሲሄድ የመበላሸት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ሥራ ሲያልቅም ሶኬቱን ከመንቀል በፊት ቦርዱ ላይ ያለችውን የፓወር ቁልፍ አንዴ ነካ አድርጋችሁ ሲስተሙ እስኪዘጋ ጠብቁ። ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ ቦርዱን አብሩ። ቦርዱ ሲነሳ ነው የስክሪኑን ማንነት የሚጠይቀው።

ሳጥን ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ከላይም ከታችም አየር ማስገቢያ ብሱለት። ሐረር ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ይረዳችኋል። የድሬ ሙቀት ግን አይምርም፣ ስለዚህ ሙከራውን እዚሁ አድርጉት። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ቪዲዮዎቹ እየተዟዟሩ ለሦስት ሰዓት ይሂዱ። ከዚያ የካርዱ ኮፒ ላፕቶፕ ላይ መኖሩን አረጋግጣችሁ አሥር ጊዜ ሶኬቱን ድንገት ንቀሉትና አሥሩንም ጊዜ በራሱ ተነስቶ ወደ ቪዲዮው መድረሱን እዩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቪሲው ጊዜ ከ40 ሰከንድ ካላነሰ ቢትሬቱን ወደ 1,000 አውርጂው፣ መጠኑንም 640 በ480 አድርጊውና ስክሪኑን አብረሽ ቀይሪ። ያም ካልሆነ ያኔ ራስቤሪ ፓይ 3 ተዋሱና ለማጫወቱ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ቁልፎቹን ቢግልቦኑ ላይ ተዉአቸው።